ተከራዩ «ከፍያለሁ»፣ ወኪሉ «አልተከፈለኝም» ሲሉ

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ፣ ገርጂ አካባቢ በስሜ ካርታ የወጣለት ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለኝ። ከዓመታት በፊት ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን ለታናሽ ወንድሜ ውክልና ሰጥቼው፣ ቤቱን እያከራየ ገንዘቡን በባንክ ሒሳቤ ሲያስገባልኝ ቆይቷል። አሁን ያለው ተከራይ ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር የገባው ጥቅምት 2017 ሲሆን፣ ኪራዩ በወር 40,000 ብር ነው። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ግን በሒሳቤ የገባ ገንዘብ የለም። ወንድሜን ስጠይቀው ‹ሰውየው አልከፍልም አለ› ይለኛል። ለተከራዩ ራሴ ስደውልለት ‹የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ ለወንድምዎ በእጁ ሰጥቻለሁ፤ ቤቱንም የተከራየሁት ለአምስት ዓመት ነው› ብሎ፣ ወንድሜ የፈረመበትን ወረቀት ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ጥር ላይ እመጣለሁ። ቁልፉን ቀይሬ ተከራዩን ላስወጣና ቤቱን ልሸጥ አስቤያለሁ፤ ሕግ ይከለክለኛል? እናታችን ደግሞ ወንድሜን እንዳልከስ እያለቀሰች ትለምነኛለች።»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ጥያቄዎ ተከራይ ስለ ማስወጣት ቢሆንም፣ አብረው የላኩልንን የወረቀቱን ፎቶ ካየን በኋላ የደረስንበት መደምደሚያ ዋናው ክርክርዎ ከተከራዩ ጋር ሳይሆን ከወንድምዎ ጋር መሆኑን ነው። ይህን ቀድመው ካልለዩት፣ ጥር ላይ ሲመጡ ያልበደለዎትን ሰው ከስሰው ወይም ከዚያ በባሰ ሁኔታ በራስዎ ላይ ክስ ጋብዘው ሊመለሱ ይችላሉ።

ወረቀቱ ከደብተር የተገነጠለ ባለ መስመር ገጽ ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ከሐምሌ 2017 እስከ ታኅሣሥ 2018 ያለውን የስድስት ወር ኪራይ ብር 240,000 ቆጥሬ ተቀብያለሁ» ይላል፤ ቀጥሎ ቤቱ ለአምስት ዓመት መከራየቱ ተጠቅሷል፤ ከፊርማው በላይ የእርስዎ ሙሉ ስም ተጽፎ «ስለ እርሷ ወኪል» የሚል ሰፍሯል፤ ከግርጌው የሁለት ምስክሮች ፊርማ አለ። ይህች «ስለ እርሷ ወኪል» የምትለው መስመር ለጉዳይዎ ከሌላው ጽሑፍ ሁሉ ትበልጣለች። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2189 መሠረት ወኪል በተሰጠው ሥልጣን ክልል ውስጥ ሆኖ በወካዩ ስም የፈጸመው ውል ወካዩ ራሱ በቀጥታ እንደፈጸመው ይቆጠራል። ወንድምዎ ኪራይ እንዲቀበል እርስዎ ሥልጣን ሰጥተውታል፤ ስለዚህ ፊርማው የእርሱ ከሆነ፣ ለእርሱ የተከፈለው 240,000 ብር በሕግ ዓይን ለእርስዎ የተከፈለ ነው። ገንዘቡ ሲልቨር ስፕሪንግ መድረስ አለመድረሱ የእርስዎና የወኪልዎ ጉዳይ እንጂ የተከራዩ ጉዳይ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ተከራዩም ከስህተት የጸዳ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ የክፍያ ዘዴ ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ በእጅ ቆጥሮ መስጠት የነበረበት ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ በእኛ እምነት የአከፋፈል ሥርዓቱ መጣሱ የተከፈለውን ገንዘብ እንዳልተከፈለ አያደርገውም፤ በተለይ ፊርማና ምስክር ባለበት። ማረጋገጥ ያለብዎት ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን፣ ቀኑም ወደ ኋላ ተመልሶ ያልተጻፈ መሆኑን ነው። ወንድምዎን በስልክ «ከፈለህ? አልከፈለህም?» እያሉ ከመጨቃጨቅ ይልቅ ፎቶውን ልከውለት «ይህ ፊርማ የአንተ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁት፤ መልሱንም ያስቀምጡት። እስካሁን የነገረዎት «ሰውየው አልከፍልም አለ» የሚል ነው፤ ፊርማዬ አይደለም አላለም፤ ምናልባት ወረቀቱ እርስዎ እጅ መግባቱን አያውቅም።

ወደ አምስት ዓመቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ሕጉ ለእርስዎ የተሻለ መከላከያ ይሰጥዎታል፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር የሚወሰነው ኤምባሲው ያረጋገጠልዎት ውክልና በውስጡ በያዘው ቃል ነው። ስለዚህ ቅጂውን ካስቀመጡበት ያውጡና ቃል በቃል ያንብቡት። ውክልናው በጠቅላላ አነጋገር «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ብቻ ከሆነ፣ በአንቀጽ 2203 እና 2204 መሠረት ወንድምዎ የሚኖረው ሥልጣን የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ሕጉም ከአስተዳደር ሥራ የሚቆጥረው ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትን ነው። አምስት ዓመት ከዚህ ያልፋል። ወኪል ከሥልጣኑ ሲያልፍ ደግሞ ወካዩ ሥራውን ለማጽደቅ ወይም ላለመቀበል ምርጫው በእጁ ነው። በተቃራኒው ውክልናው ለረጅም ዘመን ማከራየትን በግልጽ የሚፈቅድ ከሆነ ይህ መከላከያ አይኖርዎትም፤ አምስት ዓመቱን እንደ ራስዎ ቃል ሊቀበሉት ይገደዳሉ።

መከላከያው ካለዎት ሳይዘገዩ ይጠቀሙበት። የአምስት ዓመቱን ዘመን እንዳልፈቀዱና እንደማያጸድቁ፣ የተከፈለውን የስድስት ወር ኪራይ ግን እንደማይክዱ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ለተከራዩ ይጻፉ፤ ሲቀበልም ፈርሞ እንዲቀበል ያድርጉ። ዝም ብለው ከጥር ጀምሮ ኪራይ መቀበል ቢጀምሩ፣ ነገ «አውቃ አጽድቃለች» ብሎ ለመከራከር በር ይከፈትለታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወኪሉ የሠራውን ሙሉ በሙሉ ይክዳል ወይም ሙሉ በሙሉ ይቀበላል፤ ሥልጣን ያለውንና የሌለውን ለይቶ የሚመልስ ጥቂት ነው።

አምስት ዓመቱ ቢወድቅ ግን ተከራዩ በማግሥቱ ዕቃውን ይጭናል ማለት አይደለም። አዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ እንዳይደረግ ደንግጓል። ተከራይዎ የገባው አዋጁ ከወጣ በኋላ፣ ጥቅምት 2017 ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ሲሰላ ቢያንስ እስከ ጥቅምት 2019 የመኖር መብት አለኝ ብሎ ቢቆም የሚሰማው ያገኛል። ተከራዩ ውሉ ወረቀቱ ከተፈረመበት ከሐምሌ 2017 ይቆጠር ካለ ደግሞ የሁለት ዓመቱ ማብቂያ ወደ ሰኔ 2019 ስለሚገፋ ለእርስዎ የባሰ ነው፤ ቤተሰቡም ከሐምሌ 2017 በፊት ለነበረው ጊዜ ያለ ውል ኖረ ማለት ስለሚሆን ክርክሩ ከማጠር ይልቅ ይወሳሰባል።

«ውሉ በወረዳ ስላልተመዘገበ እንደሌለ ነው» የሚል ምክር ከዘመድ ወይም ከደላላ ሊሰሙ ይችላሉ። በዚህ አይተማመኑ። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲደረግና ከተፈረመበት ቀን አንሥቶ በ30 ቀናት ውስጥ ተረጋግጦ እንዲመዘገብ ያስገድዳል፤ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። እነዚህ ድንጋጌዎች በዋናነት የታሰቡት ተከራይን ለመጠበቅ ነው። የእርስዎ ወኪል ውሉን አላስመዘገበም፤ ከሁለት ወር በላይ፣ ማለትም የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ተቀብሏል። ነገሩ ወረዳ ቢደርስ ከሳሹ ተከራዩ፣ አከራይ ተብሎ የሚጠየቀው ደግሞ ካርታው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው፤ እርሱም እርስዎ ነዎት። የራስ ወገን ያፈረሰውን ሥርዓት ተገን አድርጎ ሌላውን ለማስወጣት መሞከር ዳኛ ፊት የሚያስከብር አቋም አይደለም።

ቁልፍ ስለ መቀየር ላነሡት ጥያቄ መልሳችን አጭር ነው፤ አያድርጉት። ሕጋዊ በሆነ መንገድ ገብቶ በይዞታው ሥር አድርጎ የሚኖርበትን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መዝጋት፣ በር መስበር፣ የመብራት ቆጣሪ ካርድ መያዝ ወይም ውኃ መቁረጥ ለሁከት ይወገድልኝ ክስ (ይዞታው የተነካበት ሰው ጣልቃ ገብነቱ እንዲቆም የሚያቀርበው ክስ)፣ እንደ ሁኔታውም ለወንጀል ተጠያቂነት ያጋልጣል። ለአንድ ወር ፈቃድ ይዞ የሚመጣ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ቃል ሲሰጥና ቀጠሮ ሲጠብቅ ወሩ ያልቅበታል። ተከራዩ ወደፊት በእውነት ኪራይ ካልከፈለ ወይም ቤቱን ካበላሸ አዋጁ ውሉን ለማቋረጥ መንገድ አስቀምጧል፤ ዛሬ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። የታኅሣሥ ኪራይ ጭምር ተከፍሏል።

እኛ በእርስዎ ቦታ ብንሆን ተከራዩን እንደ ባላጋራ ሳይሆን እንደ ዋና ምስክር እንይዘው ነበር። በፈቃዱ ወረቀቱን ያሳየዎት እርሱ ነው፤ ከወንድምዎ ጋር ቢመሳጠር ኖሮ ዝም ማለት ይበቃው ነበር። ጥር ላይ ሲመጡ ፊት ለፊት ተገናኝተው፣ ወረዳው በሚሰጠው የውል ቅጽ አዲስ ውል ይዋዋሉ፤ ኪራዩ በቀጥታ በባንክ ሒሳብዎ እንዲገባ፣ ዘመኑም በቁርጥ ቀን እንዲያልቅ አድርገው ያስመዝግቡት። በኪራዩ መጠን ላይ ግን እግረ መንገድዎን ለመጨመር አይሞክሩ፤ ነባር ተከራይ ላይ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይፋ በሚያደርገው መጠን ብቻ ነው። ከዚያ ቀድሞ እንዲለቅ ከፈለጉ ሁለት ወገን በፈቃዱ ተስማምቶ ውል ማፍረስን የሚከለክል የለም፤ ስምምነት ግን ዋጋ አለው። ሦስት ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው፤ በጥር ልቀቅ ቢሉት እንቢ ይላል፤ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እንዲለቅና በምትኩ የአንድ ወይም የሁለት ወር ኪራይ እንዲቀርለት ቢያቀርቡለት ግን አብዛኛው አባት የሚያስብበት ሐሳብ ነው። የተስማሙበትን በጽሑፍ አድርገው ሁለታችሁም ፈርሙበት።

አሁን ከሁሉ አስቸኳይ ወደሆነው ነገር እንመለስ። ኤምባሲ ውስጥ የሚዘጋጁ ውክልናዎች አብዛኛውን ጊዜ «እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲቀበል፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በመያዣ እንዲያሲዝ፣ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ» የሚሉ ቃላትን በአንድ ትንፋሽ የሚደረድሩ ናቸው፤ ብዙ ወገኖቻችንም ቤት ለማከራየት ብለው የመሸጥ ሥልጣን አብረው ይሰጣሉ። ቤት ለመሸጥና ለማስያዝ በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ነገር ግን «እንዲሸጥ» የሚለው ቃል በእርስዎ ሰነድ ውስጥ በግልጽ ካለ ይህ ጥበቃ ቀርቷል ማለት ነው። ዋናው ካርታ ደግሞ በወንድምዎ እጅ ከሆነ ከ240,000 ብር እጅግ የሚበልጥ አደጋ ላይ ነዎት። ወንድምዎ ይህን ያደርጋል ማለታችን አይደለም። ኪራይ ደብቆ የያዘ ሰው ግን ገንዘብ እንደቸገረው ያሳያል፤ የቸገረውን ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ሰነድ አስይዞ መተው ለእርሱም አይበጅም።

ስለዚህ ጥርን ሳይጠብቁ ውክልናውን ይሻሩ። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ የመሻር መብት አለው፤ ምክንያት እንዲሰጥም አይገደድም። መሻሪያውን እዚያው ኤምባሲው ዘንድ ቀርበው አዘጋጅተው ያረጋግጡ፤ ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት መግባት አለበት፤ የሚያስገባልዎት የሚታመን ሰው ያዘጋጁ። መሻር ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ውክልና መኖሩን ያወቀ ሦስተኛ ወገን መሻሩ ካልተነገረው፣ ከወኪሉ ጋር ለሚያደርገው ነገር ወካዩም አብሮ ሊጠየቅ ይችላል፤ አንቀጽ 2195 የሚለው ይህንን ነው። ለተከራዩ «ከዛሬ ጀምሮ ለወንድሜ የሚከፈል ክፍያ አልቀበልም» ብለው በጽሑፍ ያሳውቁት፤ ውክልናውን ለሚያውቁ ባንኮችና ለወረዳውም እንዲሁ ያድርጉ፤ ከወንድምዎም የውክልናውን ዋና ሰነድና ካርታውን መልሰው ይቀበሉ። እስከ ጥር የግድ ሰው ካስፈለገዎት ማከራየትና ኪራይ መቀበል ብቻ የሚል ጠባብ ውክልና ለሌላ ሰው ይስጡ፤ ከተቻለ ግን ኪራዩ በቀጥታ ለእርስዎ ቢገባ ይመረጣል።

እናትዎ «አትክሰሺው» ማለታቸው የሚጠበቅ ነው፤ ነገር ግን ሒሳብ መጠየቅ መክሰስ አይደለም። ወኪል ለወካዩ በቅን ልቦና ሊሠራ፣ ወካዩም በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ሒሳብ ሊያቀርብ፣ በውክልናው የተቀበለውንም ገንዘብ ሊያስረክብ በሕግ ግዴታ አለበት። ይህ መብት ለወንድም ተብሎ የሚታጠፍ አይደለም። በሌላ በኩል ወንድምዎም የሚለው ሊኖረው ይችላል፤ ለቤቱ ጥገና፣ ለውኃ ታንከር፣ ለጥበቃ ወይም ለግብር ከኪሱ ያወጣው ካለ ሊተካለት ይገባል፤ የድካም ዋጋን በተመለከተ ደግሞ አስቀድሞ ካልተስማማችሁ በስተቀር በዘመድነት የሚሠራ ወኪል የመጠየቅ መብቱ ጠባብ ነው። እነዚህ ሁሉ ተቀናንሰው የሚቀረው ልዩነት ነው ዕዳው።

ስለዚህ እናትዎ ያሉበት፣ ሁለት የሚከበሩ የቤተሰብ ሽማግሌዎች የተቀመጡበት ስብሰባ ይጥሩና፣ ከሐምሌ በፊት የነበረውንም ጊዜ ጨምሮ ወር በወር የገባውንና የወጣውን በወረቀት ያስቀምጡ። ሽማግሌ «ወንድምሽ ነው፣ ተይው» ብሎ ለመሸፈን ይቸኩላል፤ ይህ ዐይነቱ ዕርቅ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ሲፈነዳ ደጋግመን አይተናል። መተው ከፈለጉ እንኳ ስንት ብር እንደሚተዉ አውቀው ይተዉ። የዕዳው መጠን፣ የሚከፈልበት ቀንና የሚመለሱት ሰነዶች በጽሑፍ ሰፍረው እርስዎም ወንድምዎም ሽማግሌዎቹም ይፈርሙበት። ይህ ካልሆነ የፍትሐ ብሔር ክስ አለ፤ ገንዘቡን ለራሱ አውሎ የሚክድ ከሆነም በወንጀል ሕጉ እምነት ማጉደል የሚባል ወንጀል አለ። የኋለኛውን አስቀድሞ መምዘዝን ግን አንመክርም፤ አንዴ ፖሊስ ጋ የደረሰ የቤተሰብ ጉዳይ እርስዎ በፈለጉ ጊዜ የሚቆም ላይሆን ይችላል።

ስለ ሽያጩ ጥቂት ነጥቦች እንጨምር። ቤት ተከራይ እያለበት ሊሸጥ ይችላል፤ የማይቻለው ተከራይ መኖሩን ከገዢው መደበቅ ነው፤ የውሉን ዘመንና የተከፈለውን ኪራይ አስቀድመው በጽሑፍ ይንገሩት፤ ባዶ ቤት የሚፈልግ ገዢም ዋጋ እንደሚቀንስ ይጠብቁ። ሽያጩ በአንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ በሠፈር ደላላ ቤት የሚፈረም ወረቀት ላይ ቀብድ አይቀበሉ። የአሜሪካ ዜግነት ወስደው ከሆነ የኢትዮጵያ ዜግነትዎ ቀርቷል፤ በዚህ ጊዜ በአዋጅ 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይያዙ፤ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ሲከለክል ከቆየው ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 ድንጋጌ ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ሲያድን የቆየው እርሱ ነው። ባለትዳር ከሆኑና ቤቱ የተገኘው በትዳር ዘመን ከሆነ፣ ካርታው በእርስዎ ስም ብቻ ቢሆንም፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ ቤትን ለመሸጥ ቀርቶ ለማከራየትም የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ስለሚጠይቅ፣ ባለቤትዎ አብረው ሊፈርሙ ወይም ውክልና ሊሰጡ ይገባል።

የቀረው ግብሩ ነው። ከኪራይ የሚገኝ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» ግብር ይከፈልበታል፤ ዕዳው የሚመጣውም በወኪሉ ላይ ሳይሆን በእርስዎ ስም ነው። ኪራይ የደበቀ ወኪል ግብሩን በወቅቱ ከፍሏል ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ የዓመታዊው የቦታ ኪራይና የጣሪያ ግድግዳ ግብርም እንዲሁ ተረስቶ ሊሆን ይችላል። ያለ ግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ወረቀት) የስም ዝውውሩ ስለማያልፍ፣ ለቤቱ ገዢ መፈለግ ከመጀመርዎ በፊት የሚታመን ሰው ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ልከው በስምዎ ያለውን ውዝፍና መቀጫ በወረቀት ያስወጡ፤ የተገኘውንም ከወንድምዎ ጋር በሚደረገው ሒሳብ ውስጥ ያካትቱት።